ለእንግዳ የተለቀለቀ ቤት

ወጥመዱ ባዶ ነበር።

ባዶ ስል አንድም ነገር የለበትም። የእሳት ራት እንኳ የለም። አምፖሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ አድሮ አንዲት የእሳት ራት ካልገባችበት እዚያ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ሆኗል ማለት ነው። የመረብ ከረጢቱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጌ አዞርኩት። ነጭ መረብ ብቻ።

"አንድም?" አለኝ አያ ክንዱ። ሾፌራችን ነው። ጭንቅላቱን በጋቢ ጠቅልሎ ማኪናውን ተደግፏል።

"አንድም።"

"ሌሎቹስ ቤቶች?"

"ሦስቱም እንደዚሁ።"

"እኔ እኮ ይገርመኛል። ዝንብ ለማባረር ጭራ ይበቃል፣ ለመያዝ ግን ማስተርስ። እሱም ካልሠራ ዶክትሬቱን ሞክሪ።"

አልሳቅኩም። እሱም እንድስቅ አልጠበቀም።

ቁንጭር ደጋ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፊት ላይ እንደ ብጉር ይጀምራል፣ ይቆስላል፣ ከርሞ ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። አፍንጫና ከንፈር ከያዘ ደግሞ አይሄድም። የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ከቢምቢ በጣም የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት ነገር። ከሽኮኮ ጋር ቋጥኝ ስር ትኖራለች። በሽታውን ከሽኮኮው ትወስዳለች፣ ሰው ላይ ታራግፋለች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል።

የማይስማሙት ሰው የት ነው የሚነከሰው በሚለው ነው። መጻሕፍቱ ዋሻ አካባቢ ይላሉ፤ ከብት ጠባቂ፣ እንጨት ለቃሚ። እኔ ደግሞ አምና ሆስፒታል ተቀምጬ የታመሙትን ስጠይቅ ዋሻ ደርሰው የማያውቁ ሴቶች አገኘሁ። ገና መሄድ ያልጀመሩ ሕፃናትም አሉ። እነዚህ እቤታቸው ተኝተው ነው የተነከሱት ብዬ ለመመረቂያ ሐሳብ አቀረብኩ።

ወረዳው በመድኃኒት የተነከረ አጎበር አለው። ለደጋ ቀበሌዎች አይሰጥም፤ አጎበር የወባ ነው፣ ደጋ ደግሞ ወባ የለም። ቢሯቸው ሄጄ ለመንኳቸው። "ዝንቧ ቤት ውስጥ ገብታ የሰው ደም እንደጠጣች አሳዪን፣ ከዚያ እንነጋገራለን" አሉኝ። ስለዚህ የምፈልገው ቤት ውስጥ የተያዘች፣ ሆዷ ደም የሞላ እንስት ዝንብ ነው። ብዙ። ክረምት ከገባ ዝንቧም የለችም፣ መንገዱም የለም። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ከግማሽ ተመልሰናል። አሁን ግንቦት ሊያልቅ ነው፤ ያለን ሦስት ሌሊት ነው፤ አንዱ አለቀ። የምረቃ ጊዜዬን ደግሞ አንዴ አራዝመውልኛል። ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም።

ኔትወርክ የሚገኘው ከዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ድንጋይ ላይ ቆመው ነው። ድንጋዩ ላይ ወጥቼ አማካሪዬ ዶክተር አንዱዓለም ጋ ደወልኩ።

"ዜሮም እኮ ውጤት ነው" አለኝ።

"ዜሮው ውሸት ቢሆንስ?"

"በምን አወቅሽ?"

"የእሳት ራት እንኳ አልገባም።"

"ሚስጥር፣ የእሳት ራት ጥናትሽ ውስጥ የለም። ቤት ውስጥ የለችም ካልሽ የለችም ነው። እሱም ይታተማል።"

"ከታተመማ ወረዳው ይይዘዋል። አጎበሩን መቼም አይሰጡም።"

"ያው ማስረጃው ያለውን ነው..."

ተቆረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሱ አላውቅም።

ወጥመዶቹን ለማንሳት ተመለስኩ። የመጨረሻው እትዬ ወለላ ቤት ነበር። ሃምሳ ይሆናታል፣ ባሏ ለሰሊጥ እርሻ ቆላ፣ ሳንጃ ወርዶ ይሁን ለሌላ ሥራ አልጠየቅኩም፤ የለም። ቆርቆሮ ቤት፣ ከበሩ በላይ በመስታወት የተሰቀለ ቤቱን በንጽሕና ለያዘ የሚሰጥ የሞዴል ቤተሰብ ምስክር ወረቀት። ትናንት ወጥመዱን ስሰቅል ራሷ ቦታ መርጣ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት መደብ ራስጌ አሰቅላኝ ነበር። እኔም ቸኩዬ ነበር፤ ሰቀልኩ፣ ወጣሁ።

ዛሬ ቆም ብዬ አየሁት። ግድግዳውን በጣቴ ነካሁት። እርጥብ ነው። እበትና አመድ፣ ልስልስ ያለ፣ የእጅ መዳፍ ክብ ክብ ምልክት ያለበት። ከእበቱ ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ አለ።

"እትዬ ወለላ፣ ቤቱን መቼ ለቀለቁት?"

"ትላንት ጧት። ምነው፣ አላማረም?"

"ፍሊትም ነፍተዋል?"

"አወ። ከገበያ አስመጥተን ለአራት ቤት ተካፈልነው። ወይራም አጠንኩበት። ኧረ ልጄ፣ እኔ ቤቴ ተባይ የለም።"

"ማን ንፉ አላችሁ?"

"ሸዋአየሁ ናታ። የዩኒቨርሲቲ ሴትዮ ተባይ ልትፈልግ ትመጣለች፣ ካገኘች ጽፋ ትሄዳለች አለችን። ዳሩ ባትለንስ፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት አይለቀለቅም?"

ምን ይባላል። "ሸጋ ሆኗል" አልኩና የወጥመዱን ባትሪ ተሸክሜ ወጣሁ።

ሸዋአየሁ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ናት። ጤና ኬላው በር ላይ ባልዲ እያጠበች አገኘኋት። የምናድረውም እሷው ጋ ነው፤ ትናንት ማታ እራት ያበላችን እሷ ናት። ስለዚህ ልጮህባት አልችልም። ባትሪውን መሬት ላይ ሳስቀምጠው ግን ከሚገባው በላይ ጮኸ።

"ቤቶቹን አስጸድተሻል።"

"አወ።"

"ዝንብ ልይዝ ነው የምመጣው ብዬሽ ነበር። በስልክ። ሁለት ጊዜ።"

"ብለሽኛል። ለዚህ ነዋ ያስጸዳኋቸው።"

"ሸዋአየሁ..."

"ቆይ፣ ቆይ። አንች ሞዴል ቤት ውስጥ ይሄን ይሄን ተባይ አገኘሁ ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ጎንደር ትገቢያለሽ። ወረዳው ጠርቶ የሚያቆመው ማንን ነው? አንችን? ሴቶቹን እበት ከአመድ ለውሰው በየወሩ እንዲለቀልቁ፣ ከብት ከሰው እንዲለዩ ስንት ዓመት ለፍቻለሁ መሰለሽ። አንዷማ በድንጋይ አባርራኛለች።"

"ያልጸዳ ቤት አሳዪኝ።"

"እኔ ቀበሌ ያልጸዳ ቤት የለም።"

አያ ክንዱ ከማኪናው ውስጥ ሳቀ። "አንችም ሞዴል፣ እሷም ሞዴል። ዝንቢቱ ብቻ ተጎዳች" አለ።

እንግዲህ ይሄው ነው። ሁለት ሌሊት ቀርቶኛል፣ ቀበሌው በሙሉ ፍሊት ፍሊት ይሸታል። ዜሮዬን ይዤ ልመለስ ወይስ ሌላ ቀበሌ ልሂድ እያልኩ ደጅ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ልጅ በጄሪካን ውኃ ይዛ መጣች። የትነበርሽ ትባላለች፣ የእትዬ ወለላ ልጅ ናት። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ይሆናታል። ነጠላዋን አንድ ጉንጯ ላይ ስባ ይዛዋለች። ጄሪካኑን ስታወርድ ነጠላው ተንሸራተተ። ቁንጭር። ጉንጯን ይዞ ወደ አፍንጫዋ እየሄደ ነው።

"የት ነው የምትተኚው?" አልኳት።

ደነገጠች። "እ?"

"ማታ። የት ትተኛለሽ? ትናንት ወጥመድ የሰቀልኩበት ክፍል?"

"አይ፣ እሱማ የእንግዳ ነው። እኛ ከኋላ ነን። እኔና እህቴ።"

"ከኋላ የት?"

"ጓዳ።"

ጄሪካኑን ተቀበልኳትና አብሬያት ሄድኩ።

እውነትም ከቤቱ ጀርባ ሌላ ክፍል አለ። ከዋናው ቤት የተቀጠለ፣ የራሱ በር ያለው የጭቃ ቤት። በሩ ወደ ቋጥኙ ነው የሚያየው። ቋጥኙ ላይ ሁለት ሽኮኮ ፀሐይ ይሞቃሉ። ትናንት በፊት በር ገብቼ በፊት በር ወጣሁ፤ ቤቱን አልዞርኩትም።

እትዬ ወለላ በሩ ላይ ቆመች።

"ጓዳውን ማየት አለብኝ" አልኩ።

"የሰው ጓዳ አይታይም።"

"ወጥመድ ልሰቅል ነው እንጂ ሌላ ነገር የለኝም።"

"ፊት ሰቅለሽ የለ? ደግሞ ከዚያ ወዲህ ምን ትፈልጊያለሽ? ልጄ፣ እናትሽ አላስተማረችሽም? ጓዳ የሴት ገመና ነው።"

"የየትነበርሽን ፊት ያበላሸችው ዝንብ እዚህ ውስጥ ትመስለኛለች።"

በቀስታ ልለው ይገባኝ ነበር። ልጅቷ ነጠላዋን መልሳ ሳበች።

"እሷን የሌሊት ወፍ ሸንቶባት ነው" አለች እትዬ ወለላ።

"አይደለም።"

"ጠበል እያስጠመቅኳት ነው።"

"ያስጠምቋት። ሆስፒታልም ይውሰዷት፣ መርፌ አለው። የሌሊት ወፍ ግን አይደለም።"

"አንች ምን ታውቂያለሽ? የማታውቂው አለ?"

"ይሄን አውቃለሁ። ሌላ ብዙ አላውቅም።"

የጥጃ እምቧታ ከውስጥ ተሰማ። ሸዋአየሁ ብትሰማው ምን ትል ነበር፤ ከብት ከሰው ተለይቷል የተባለበት ቤት ነው።

"ይቺ ዝንብሽ ከየት ነው የምትመጣው?"

"ከዚያ።" ቋጥኙን አሳየኋት።

ቋጥኙን አየችው። ከዚያ በሩን። ከዚያ የበሩን ስንጥቅ፣ ጣት የሚያስገባውን።

"ስሜን አትጽፊም።"

"አልጽፍም።"

"ሸዋአየሁ አትገባም።"

"አትገባም።"

በሩን ለቀቀችልኝ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ጎታ፣ ማዳበሪያ ከረጢት፣ የሽንኩርት ጉንጉን፣ ጥግ ላይ ጥጃ። ጭቃው ተሰነጣጥቋል። እበት ከተቀባ ዓመት አልፎታል። የፍሊት ሽታ የለም። ከጥጃው ማዶ መደብ አለ፣ ቁርበት ተነጥፎበታል፤ ሁለት ሰው የሚያስተኛ። ትንሿ እህት እዚያ ላይ ቁጭ ብላ ጎመን ትቀነጥሳለች። ሰባት ዓመት ይሆናታል። ፊቷ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበትም።

"ለእንግዳ እንጂ ለዚህ የሚለቀልቅ ጊዜ የለኝም" አለች እትዬ ወለላ ከኋላዬ። "ማን ያየዋል ብዬ።"

ወጥመዱን ሲመሽ ራስጌያቸው ሰቅዬ ሄድኩ።

በነጋታው ገና ሳልደርስ እትዬ ወለላ ከረጢቱን ራሷ አውርዳ በሁለት እጇ ይዛ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። አፉን በክር አስራዋለች። ጥሩ አስራዋለች፣ ከእኔ የተሻለ።

ከረጢቱ ይንቀሳቀሳል። የእሳት ራት፣ ጥንዚዛ፣ ስሙን የማላውቀው ሁሉ። ከነዚያ መካከል ክንፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው የተቀመጡ ትንንሾች። ደጅ ተቀምጬ በመምጠጫ ቱቦ አንድ በአንድ አወጣኋቸው። አምስት የአሸዋ ዝንብ። ሦስቱ ወንድ። ከሁለቱ እንስቶች አንዷ ባዶ። አንዷ ሆዷ ቀይ፣ ድንቡሽቡሽ ያለ።

እትዬ ወለላ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። "አሳዪኝ።"

ማጉያውን ሰጠኋት። አያያዙን እስክትለምድ ጊዜ ወሰደ፤ አንዴ የእኔን ጣት አየች፣ አንዴ ሰማዩን። ከዚያ አገኘቻት።

"ይቺ ናት?"

"ናት።"

"ይቺ ብናኝ? በይ አታላግጪብኝ።"

"እሷው ናት።"

"ሆዷ ውስጥ ያለው ደም ነው?"

"ደም ነው።"

"የማን?"

"ጎንደር ወስጄ ላቦራቶሪ ሳስገባው ነው የማውቀው። የጥጃውም ሊሆን ይችላል።"

ማጉያውን መለሰችልኝና ትንሿን ጠራቻት። ልጅቷ አፏን ሞልታ እያኘከች መጣች። እናቷ ክንዷን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው። ክርኗ አጠገብ ሦስት ቀይ ነጠብጣብ። ግንባሯ ላይ፣ ከፀጉሯ ሥር አንድ። አዲስ።

"የጥጃው አይደለም" አለች።

ይሄ ማስረጃ አይደለም። ልላት አስቤ ተውኩት።

ተነስታ ጓዳው በር ላይ ቆመች፣ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ዛሬ ልለቅልቀው ነበር። ግን አንች ደግሞ እንግዳ ነሽ፣ ከጎንደር ድረስ የመጣሽው ለዚህ ነው። ለትምህርትሽ የሚያስፈልግሽ ከሆነ እተወዋለሁ። ስትሄጂ እለቀልቀዋለሁ። አንድ ሌሊት ቀርቷታል ብሎኛል ሾፌሩ።"

የምሯን ነው። አይሆንም ብትለኝ፣ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

አሰብኩት። አንዲት ዝንብ ምንም አይደለችም። ዛሬ ማታ ደግሞ ሁለት ሦስት ደም የጠጡ ብይዝ፣ "በአጋጣሚ አንዴ የገባች ናት" ማንም አይለኝም። ልጆቹን ወደ ፊተኛው ክፍል ወስጄ ወጥመዱን ጓዳው ውስጥ ብተወው ጥጃው ብቻ ይቀራል፤ የሚገኘው ሁሉ የጥጃ ደም ይሆናል፤ ወረዳው "አላልንም?" ይላል። ጥጃውን አውጥቼ ባዶውን ብተወው ደግሞ የሚጠጣ ነገር የለም። እኔ ራሴ ልተኛበት? ዩኒቨርሲቲው ያንን ቢሰማ ያባርረኛል፣ ሥነ ምግባር ኮሚቴው ያንን ለማንም አይፈቅድም። ለልጆቹስ ማን ፈቀደ? በየቀኑ ነው የሚተኙበት፤ አንድ ሌሊት ምን ይጨምራል? እንዲህም ብዬ አሰብኩ። በደንብ አሰብኩት።

የሚያስፈልገኝ ትንሿ ልጅ አንድ ሌሊት እዚያ እንድትተኛልኝ ነው። ቢያዞሩት ሌላ ነገር አይሆንም።

"እህ፣ ልተወው?" አለች እትዬ ወለላ።

"ይለቅልቁት።"

"ዛሬ?"

"አሁን። ስንጥቁን ሁሉ ይድፈኑት፣ በሩንም። ፍሊት ከተረፈ ይንፉበት። እስኪደርቅ ልጆቹን ፊት ያስተኟቸው። እዚያ አንዲት ዝንብ አልገባችም፤ ለእኔ የለቀለቁት ለእነሱ ይሁን።"

ድምፄ ቁጣ ነበረው። ምን እንዳስቆጣኝ አልገባትም። "እሽ፣ እሽ፣ አትቆጭ" አለችና እበት ልታመጣ ከብቶቹ ወዳደሩበት ሄደች።

ሌሎቹን ሦስት ቤቶች ሞከርኩ። ጓዳችሁን አሳዩኝ። አንዷ ባሌ የለም አለች። አንዷ እናቴ ታማለች አለች። ሦስተኛዋ በሩን ከፍታ አየችኝና መልሳ ዘጋችው። ሸዋአየሁ አብራኝ ነበረች፤ ልታስፈቅድልኝ ብዬ ነው ያመጣኋት፣ ሴቶቹ የሚፈሩት ግን እሷን ነው። ያንን እስክረዳ ሁለቱ ቤቶች አልፈው ነበር።

"ሪፖርቴ ላይ ጓዳ የሚል ነገር የለም እኮ" አለችኝ ስንመለስ። "የፊት ክፍል ብቻ ነው የሚጠይቀው። እኔ ጓዳ ገብቼ አላውቅም። አንዱም ቤት።"

"የት እንደሚተኙ ጠይቀሽ አታውቂም?"

"አንችስ?"

ትክክል ናት።

ከሰዓት ደመናው ከራስ ደጀን በኩል ወረደ። አያ ክንዱ ጎማ እየረገጠ "ይሄ ከዘነበ እዚሁ ክረምቱን ታርሻለሽ" አለኝ። ድንጋዩ ላይ ወጣሁ።

"ስንት?" አለ ዶክተር አንዱዓለም።

"አንድ። ደም የጠጣች አንድ።"

"ቤት ውስጥ?"

"ልጆች የሚተኙበት ጓዳ ውስጥ። የፊት ክፍሎቹ እበት ተለቅልቀው፣ ፍሊት ተነፍቶባቸው ነበር። ለዚያ ነው ዜሮ የሆኑት።"

"ይሄ ጥሩ ነው። ጥሩ ነው ግን አንድ አይበቃም፣ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ዛሬ ማታ ድገሚዋ።"

"ጓዳው እየተለቀለቀ ነው።"

"ማን አስለቀለቀው?"

"እኔ ነኝ ያስለቀለቅኩት።"

ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይገባል። "ሚስጥር፣ ሌላ ዓመት የለሽም እኮ" አለ።

"አውቃለሁ ብዬሃለሁ።"

"በይ እሽ። የፊቶቹን ዜሮዎች ምን ተደርጎባቸው እንደነበር ከነምክንያቱ ጻፊው። የጓዳዋን ለብቻ። ፈታኝ ኮሚቴው ፊት ምን እንደምንል እናያለን።" ከዚያ ዝቅ አድርጎ፣ "ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?" አለኝ።

"ሰባት።"

ስልኩን ዘግቼ ከድንጋዩ ወረድኩ።

ዕቃ ጭነን ስንወጣ በእትዬ ወለላ ቤት በኩል አለፍን። የመጀመሪያው ካፊያ ጀምሯል። ጓዳው ተጋምሷል፤ ከታች አዲስ፣ ከላይ አሮጌ። የትነበርሽ እበቱን ትረግጣለች፣ እናቷ እያነሳች ትለጥፋለች፣ ጥጃው ደጅ ታስሯል። አንዲት ጎረቤት እጇን አጣጥፋ ቆማ ታያለች። በሩን የዘጋችብኝ ናት።

"ሄድሽ?" አለች እትዬ ወለላ።

"ሄድኩ።"

"ሳትበይ?"

"ዝናቡ መንገዱን ይዘጋዋል።"

"የየትነበርሽን ነገር፣ ሆስፒታሉን... ማን ጋ ልምጣ?"

ስልኬን ለየትነበርሽ ነገርኳት፣ ራሷ ጻፈችው። መርፌው እንደሚያም፣ ብዙ ቀን እንደሚፈጅም ነገርኳት። ከሰኞ በኋላ ኑ አልኩ፤ መንገዱ ካለ።

ልሰናበት እጄን ዘረጋሁ። እጇ እስከ ክርኗ እበት ነው። መዳፏን አጥፋ አንጓዋን ሰጠችኝ። ጨበጥኩት። እበቱ እኔንም ነካኝ፣ ዝንቧ ያለችበትን ቱቦ የያዝኩበትን እጄን ወደ ኋላ አራቅኩት።

"ሂጅ በይ፣ አትርጠቢ" አለችና ወደ ግድግዳዋ ዞረች።